ከወንፊት በላይ፣ ከወንፊት በታች

አዊ ዞን፣ ዳንግላ የምትኖረው አክስቴ የመጀመሪያውን ዙር ኬሞቴራፒ ወስዳ በተመለሰች በአራተኛው ቀን ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት መጡ። አንደኛዋ በሳህን የስንዴ ቆሎ ይዛለች፤ ሌላዋ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በላስቲክ ቋጥራለች። አዲስ አበባ ያለው ልጇ ደግሞ በስልክ «እማዬ፣ ፋይበር ያለው ምግብ አብዢ፤ ለሆድ ጥሩ ነው ብለውኛል» ይላል። ሁሉም ከልባቸው ነው። አክስቴ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ሰገራ አልወጣችም ነበር። በዘጠነኛው ቀን ነገሩ ተገለበጠ፤ በአንድ ሌሊት ስድስት ጊዜ ተነሣች። ቆሎው እንዳለ ነው፣ ተልባውም እንዳለ ነው፣ የስልኩም ምክር ያው ነው።

በሁለቱም ቀን ለጠየቃት ሰው የሰጠችው መልስ አንድ ነበር፤ «ሆዴን አሞኛል።» ይህች አጭር መልስ ሁለት ተቃራኒ ሕመሞችን ትሸፍናለች። አንደኛው መሄድ ያቃተው አንጀት ነው፤ ሁለተኛው መቆም ያቃተው። «ፋይበር ይረዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄም ይህ ሳይለይ መልስ የለውም። የትኛው ፋይበር፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ብርጭቆ ውሃ ጋር ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ አለው፤ መልሱም በአብዛኛው እዚያው አዊ ጓዳ ውስጥ ይገኛል።

የጓዳ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለ። ከአዊ ዞን ካንሰር የተገኘበት ሰው ለኬሞቴራፒ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ጎንደር የሚላክ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ የሚዘልቅም አለ። ከዳንግላ ባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ ከእንጅባራ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሰላም በሆነ ቀን ቅርብ ነው፤ መንገድ በተዘጋ ቀን ግን የትም አይደረስም። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ ዓይነቶች በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጡ ናቸው። ታማሚዋ ሆስፒታል የምትውለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ የቀረውን ጊዜ የምታሳልፈው ቤቷ ነው። መድኃኒቱን የሚሰጠው ነርስ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ ይዞት የሚመጣውን ጣጣ ቀን ከሌት የምታስታምመው ድስቱን የጣደችው ሴት ናት።

ኬሞቴራፒ የካንሰርን ሴል ከጤነኛው ለይቶ አያውቅም። ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሁሉ ያጠቃል። የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን ደግሞ በሰውነታችን እጅግ ፈጥነው ከሚታደሱት አንዱ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ አሮጌው ረግፎ በአዲስ ይተካል። መድኃኒቱ ይህን እድሳት ሲያቋርጠው ሽፋኑ ይሳሳል፣ ይቆስላል፤ ውሃውና ምግቡ ወደ ደም የሚገባበት ገጽም ይጠብባል። ሳይመጠጥ የቀረው ውሃ ተቅማጥ ሆኖ ይወጣል። በተለይ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጡት ፍሎሮዩራሲል፣ ካፔሲታቢንና አይሪኖቴካን በዚህ ይታወቃሉ።

ድርቀቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው። ለደምና ለንፍፊት ካንሰሮች የሚሰጠው ቪንክሪስቲን አንጀትን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ያደነዝዛል። ታማሚው እንዳያስመልሰው ከኬሞው ጋር የሚታዘዘው ኦንዳንሴትሮን ሴሮቶኒን የተባለውን መልእክተኛ ያግዳል፤ ትልቁን አንጀት እንዲንቀሳቀስ የሚቀሰቅሰው ግን ይኸው መልእክተኛ ነው። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጡት ሞርፊን፣ ኮዴይንና ትራማዶልም አንጀትን ያስተኙታል። በዚህ ላይ ታማሚዋ ማቅለሽለሹን ፈርታ ውሃ አትቀምስም፣ ደክሟትም ተኝታ ትውላለች። የአክስቴ የአራተኛው ቀን ሕመም ይህ ነበር፤ ካንሰሩም ኬሞውም ሳይሆን፣ እንዳያስመልሳት የተሰጣት ክኒን ያመጣው ድርቀት።

ፋይበርን በአማርኛ አሰር እንለዋለን። ቃሉ የአውድማ ቃል ነው፤ እህሉ ተበራይቶ ሲነሣ የሚቀረው ገለባና እብቅ ነው አሰር። ስሙ ያምራል፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። አሰር ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ቅርፊትና ግርድ ነው፤ ጥርስ የሚያደክም ነገር። ይህ አንደኛው ወገን ነው፤ ውሃ የማያሟሟው። የስንዴ ፉርሽካ፣ የባቄላና የሽምብራ ገለባ፣ የጎመን አገዳ፣ የበቆሎ ልባስ ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙም ሳይለወጡ በአንጀት ያልፋሉ፤ ሰገራውን ያበዙታል፣ የአንጀቱን ግድግዳ እየነካኩ ወደፊት ይገፉታል። ጤነኛ አንጀት ይህን ይወዳል። ለቆሰለ አንጀት ግን በቁስል ላይ እንደሚጎተት ሻካራ ጨርቅ ነው።

ሁለተኛው ወገን ገለባ አይመስልም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይዝለገለጋል። ተልባ ተዘፍዝፎ ሲያድር በጣት የሚሳበው ልጋግ፣ አብሽ ሲነከር አብጦ የሚወጣው፣ የገብስና የአጃ አጥሚት ሲበርድ የሚያረጋው፣ ይህ ሁሉ አሰር ነው። የሚገርመውም ነገር ያለው እዚህ ወገን ላይ ነው። ሰገራው ሲደርቅ ውሃ ይዞ ገብቶ ያለሰልሰዋል፤ ሰገራው ሲቀጥን ደግሞ የፈሰሰውን ውሃ ሰብስቦ ያወፍረዋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስም ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ከእነሱም ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይወጣል። የትልቁ አንጀት ሽፋን ሴሎች ዋና ምግባቸው ቡቲሬት ነው፤ ጨውና ውሃ መልሰው እንዲመጥጡም ይረዳቸዋል።

ፋይበርንና ኬሞቴራፒን በአንድ ሰው ሥራ ያገናኘ ታሪክ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አለ። ዴኒስ በርኪት አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ አንድ ካንሰር ለዓለም ገለጸ፤ በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ያ ካንሰር በኬሞቴራፒ ብቻ ሊድኑ እንደሚችሉ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ ካንሰሮች አንዱ ሆነ፤ ይህ የታየውም በምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች ነው። ያው በርኪት በኋላ ዘመኑ ወደ ምግብ ዞረ። በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ የኡጋንዳ ባላገር የበላው በ35 ሰዓት ገደማ ከሆዱ ሲወጣ የእንግሊዝ መርከበኛ የበላው ግን ከ80 ሰዓት በላይ እንደሚቆይ አሳየ፤ ምክንያቱ አሰር ነው አለ። ዛሬ በየስልኩ የሚደርሰን «ፋይበር አብዙ» የሚለው ምክር የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው።

ምክሩ የተነገረው ግን ለነጭ ዳቦ በላተኛ ነው። እኔ ደጋግሜ የማነሣው ነጥብ ይህ ነው። ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ልባሱ አይነሣለትም፤ እንዳለ ይፈጫል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 8 ግራም አሰር አለው። በዳንግላና በጓንጓ በኩል ጤፉ ላይ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ይቀላቀልበታል፤ ከጎኑ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ ንፍሮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ በቀን 25 ግራም አሰር ይላል፤ ደህና የሚበላ የአዊ ገበሬ ይህን ሳያስበው ይደርስበታል። የበርኪት ኡጋንዳዊ ባላገር እሱ ነውና። ስለዚህ ከኬሞ የተመለሰችን የአዊ ሴት «አሰር አብዢ» ማለት የሌላ አገር ሰው ጫማ ማልበስ ነው። በዚያ ሳምንት ብዙውን ጊዜ የሚጎድላት አሰሩ አይደለም። የሚጎድላት ውሃው ነው፤ አሰሩም በሚለሰልስ መልኩ አለመቅረቡ ነው።

ወደ ገብሱ ልመለስ፤ ነገሩ በግልጽ የሚታየው እሱ ላይ ነው። እንጅባራ ዙሪያ፣ ባንጃ ደጋው ላይ፣ ገብስና ድንች የዕለት ምግብ ናቸው። የታመመ ሰው ሲኖር ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ወንፊት ይመጣል። እናትየዋ ወንፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ስታነቃንቀው ደቃቁ ዱቄት ወደ ታች ይወርዳል፤ ወንፊቱ ላይ ቡናማ ግርድ ይቀራል። ግርዱ ለዶሮ ወይም ለላም ይሰጣል፤ ዱቄቱ አጥሚት ይሆናል።

በዚያች ደቂቃ የሆነው ነገር ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ከወንፊቱ በላይ የቀረው የመጀመሪያው ወገን አሰር ነው፤ የሚቧጥጠው። ከወንፊቱ በታች የወረደው ግን አሰር አልባ ዱቄት አይደለም። በገብስ ውስጥ የሚዝለገለገው አሰር፣ ቤታ ግሉካን የሚባለው፣ ልባሱ ላይ ብቻ የተከማቸ አይደለም፤ በፍሬው ሁሉ ተሰራጭቷል። ስለዚህ የተነፋ የገብስ ዱቄት ሻካራው ወጥቶለት ለስላሳው የቀረለት ነው። እናቶቻችን ለታማሚ ገብስ የመረጡት፣ መርጠውም የነፉት፣ የዚህን ስም አውቀው አይደለም። እጃቸው ግን ያውቀው ነበር። በጎጃም ደጋ ብዙ ሰው እንግዶ የሚለው አጃም ይህ የሚዝለገለግ አሰር አለው። ስንዴ ግን እንዲህ አይደለም፤ የስንዴ አሰር በአብዛኛው ፉርሽካው ውስጥ ነው፣ እሱም የሚቧጥጠው ዓይነት ነው። በተቅማጥ ቀን ያልተነፋ የስንዴ ቂጣና የተነፋ የገብስ አጥሚት ሁለቱም «እህል» ተብለው እኩል ሊታዩ አይገባም።

የድርቀት ቀን ከሆነ ወንፊቱ ይሰቀላል። ያልተነፋ የገብስ ቅንጬ፣ የጤፍ እንጀራ፣ በደንብ የበሰለ ጎመን፣ ከነገለባው የተቀቀለ ምስር፣ ፓፓያ ከተገኘ ፓፓያ። ድንች ከነልጣጩ ታጥቦ ተቀቅሎ መብላትም ይቻላል። ተልባ የሚገባውም እዚህ ነው። 100 ግራም ተልባ ወደ 27 ግራም አሰር አለው፤ ከሁለቱም ወገን። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያው በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ከኋላው ሌላ ብርጭቆ ውሃ ይከተላል። ለጀማሪ ግማሽ ማንኪያ ይበቃል፤ በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ይጨመራል። በአንድ ጊዜ ካበዙት ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፤ ታማሚዋም ሁለተኛ አታየውም። ከሚዋጥ መድኃኒት ጋርም አብሮ አይሰጥም። ልጋጉ ክኒኑን ሸፍኖ ሊያዘገየው ስለሚችል በመካከላቸው አንድ ሁለት ሰዓት ይተው።

ውሃው እንደ ማጀቢያ አይታይ። ተልባ ውሃ ካላገኘ ውሃውን የሚወስደው ከአንጀቱ ነው፤ ያኔ ሊያለሰልስ የገባው ራሱ ጭቃ ሆኖ ይደርቃል። ሐኪሙ በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልገደበ በስተቀር በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋል። ማቅለሽለሽ ላለባት ሴት ይህ ብዙ ይመስላል። በአንድ ጊዜ ከመጋት በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ጉንጭ ማስጎንጨት ይቀላል። ከአልጋ ተነሥቶ ግቢውን መዞርም አንጀትን ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ትኩስ ነገር ከጠጡ በኋላ ሳይቸኩሉ መጸዳጃ ላይ መቀመጥም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ድርቀቱ ሞርፊን የመሰለ መድኃኒት ያመጣው ከሆነ አሰር መጨመር መፍትሔው አይደለም። አንጀቱ ተኝቷል፤ በተኛ አንጀት ላይ ጭነት መጨመር መንገዱን መዝጋት ነው። ለዚህ ሐኪም እንደ ቢሳኮዲል ያለ አንጀትን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ያዛል፤ ሞርፊን ሲጀመርም አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዕጢው ራሱ አንጀቱን ያጠበበው ሰው፣ ወይም በሆዱ ላይ መውጫ የተከፈተለት ሰው፣ ቆሎና የበቆሎ ፈንዲሻ ሊዘጋበት ይችላል። ሆድ ተነፍቶ፣ ፈስ ቆሞ፣ ማስመለስ ከመጣ ተልባውም ጎመኑም ይቁም፤ ያ የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

የአዊ ሰው ስለ ግብጦ ሳይጠይቅ አይቀርም። ግብጦ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ሌላ እህል የማይበቅልበትን የደከመ መሬት የሚታገስ። ፕሮቲኑም አሰሩም ብዙ ነው። ግን መራራ ነው፤ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ካልከረመ አይበላም። ምሬቱ ጣዕም ብቻ አይደለም። በደንብ ያልወጣለት ግብጦ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያፈዝዛል፣ ሽንት ይከለክላል፣ አንጀትንም ያቆማል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው በደህናው ቀን ምሬቱ ጨርሶ የወጣለትን ጥቂት ቢበላ አልከለክልም፤ ለሆድ ድርቀት መድኃኒት ተብሎ ሲሰጥ ግን እቃወማለሁ። ከወንዝ ወጥቶ እንደገና ሳይበስል መበላቱም በደከመ ሰውነት ላይ ሌላ አደጋ ነው። የግብጦ አረቄው ነገር ጨርሶ አይነሣ።

ፌጦም እንዲሁ ያሳስታል። እንደ ተልባ ውሃ ሲነካው ይዝለገለጋል፣ ስለዚህ የተልባ ወንድም ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ሰናፍጭ ያቃጥላል። በሎሚ ተበጥብጦ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ፌጦ ሽፋኑ የተላጠ አንጀት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አይከብድም። አፏ ውስጥ ቁስለት የወጣባት ታማሚ አንጀቷም እንዲሁ እንደቆሰለ ቆጥሮ መንከባከብ ይበጃል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው፣ አፍ የሚለበልብ ሁሉ ከታችም ይለበልባል። ሆድ ለማጽዳት ተብሎ የሚሰጥ ኮሶማ በዚህ ወቅት ፈጽሞ አይሞከርም።

አሁን ወደ ዘጠነኛው ሌሊት። ተቅማጥ ሲመጣ ወንፊቱ ይወርዳል። የተነፋ የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፣ ቅቤ ሳይገባበት፣ ስኳሩም ትንሽ ሆኖ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። ተልጦ የተቀቀለ ድንች፣ ተልጦ በደንብ የበሰለ ካሮት፣ ሩዝ፣ ሙዝ። ሽሮ መብላት ካለባት ከክክ የተዘጋጀ፣ ቀጠን ያለ፣ በርበሬ የሌለው አልጫ ሽሮ። ወተት ለጊዜው ይቅር፤ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው በዚያው በተጎዳው ሽፋን ላይ ነውና። ቡናም አንጀትን ይገፋል።

ይህ ምርጫ ከልማድ ያለፈ መሠረት አለው። በባንግላዴሽ ተቅማጥ ለረጅም ጊዜ በያዛቸው ሕፃናት ላይ የተሠራና በ2001 የታተመ ጥናት፣ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ወይም ፔክቲን የተባለው የፍራፍሬ አሰር ወደ ሩዛቸው የተጨመረላቸው ከሌሎቹ ቀድመው እንዳገገሙ አሳይቷል። በ2000 ደግሞ ሕንድ፣ ቬሎር ላይ፣ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው የበቆሎ ስታርች በውሃ ወደሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ድብልቅ፣ ወደ ኦ.አር.ኤስ.፣ ሲጨመር የኮሌራ ታማሚዎች ተቅማጥ መቀነሱ ታየ። ሁለቱም ያው የቡቲሬት መንገድ ናቸው። ሕፃናቱና የኮሌራ ታማሚዎቹ ግን ኬሞቴራፒ አልወሰዱም።

ኬሞ በሚወስዱት ላይ በቀጥታ የተሞከረውን ስናይ ልባችንን ሰብሰብ ማድረግ አለብን። ፊንላንድ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር ፍሎሮዩራሲል የሚወስዱ 150 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2007 ታትሟል። ለተወሰኑት ጓር ጋም የተባለ፣ ከአብሽ ልጋግ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ የሚዝለገለግ አሰር ተሰጣቸው። ተቅማጡን አልቀነሰውም። በዚያው ጥናት ላክቶባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ ከወሰዱት መካከል ግን ከባድ ተቅማጥ የያዛቸው 22 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 37 በመቶ ነበሩ። በሌላ በኩል ለንደን፣ ሮያል ማርስደን ሆስፒታል፣ ከወገብ በታች ጨረር በሚወስዱ 166 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመው ጥናት አሰር ያበዙት የተለመደ አመጋገባቸውን ከቀጠሉት ያነሰ የአንጀት ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ይህ ለማኅፀን በር ካንሰር ጨረር የሚታዘዝላቸውን እናቶቻችንን ይመለከታል። ጨረር የሚወስድ ሰው አሰር ጨርሶ ይተው የሚለው የቆየ ምክር እንደ ቀድሞው አይጸናም።

እነዚህን አንድ ላይ ሳያቸው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ የሚዝለገለገው አሰር ቀለል ያለውን ተቅማጥ ሊያወፍርና ሰውነቱ የተጎዳውን ሽፋን እስኪተካ ሊያግዝ ይችላል። ከባዱን ተቅማጥ አያቆምም፤ እንዳይመጣም አያግድም። አጥሚት ድጋፍ ነው እንጂ ማርከሻ አይደለም። በተቅማጥ ቀን የመጀመሪያው ነገር አሰርም አይደለም፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። አጥሚቱ ከዚያ ይከተላል።

የፊንላንዱን ጥናት ሰምቶ «እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ስለሆነ እርጎ ላጠጣት» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ካልተፈላ ወተት በቅል የተናጠ እርጎ ውስጥ ከበጎው ባክቴሪያ ጋር ሌላም ይገባል። ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች እጅግ ይወርዳሉ፤ ሰውነት ጥበቃው የተነሣበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ያልበሰለ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ በጥሬው፣ ጥሬ ወተት፣ ከስንት እጅ የተቆነጠረ ቆሎ ይቆይ። አሰር የሚሰጠው በስሎ ነው፤ ፍሬ ከሆነ ታጥቦና በቤት ተልጦ።

አክስቴን ያዳናትም ይህን የቀን ቁጥር የምታውቅ አንዲት ጎረቤት ናት። በዚያች ሌሊት አጥሚቱን እያማሰለች ሳለ እጇን የአክስቴ አንገት ላይ አሳረፈች። «እትዬ፣ ይህ የሆድ ብቻ አይደለም፤ ይፋጃሉ» አለች። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ መጣ፤ ከ38 አልፏል። አንዱ ዘመድ ፍላጂል ገዝቶ ሊሰጣት ነበር፤ ደግነቱ አልደረሰም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ከ38 በላይ ሲያተኩስ፣ ተቅማጥ ኖረም አልኖረም፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ባጃጅ ተጠርቶ እዚያው ዳንግላ ሆስፒታል ገባች፤ በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ተሰጣት፤ የኬሞ ሐኪሟም በስልክ ተነገረው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ማዞር፣ የሽንት መቀነስም እንዲሁ አጥሚት የሚፈታቸው አይደሉም። ሎፔራማይድ የተባለው ተቅማጥ ማቆሚያም ትኩሳት ወይም ደም ካለ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድም።

ስለ ጾሙም መነጋገር አለብን፤ በአዊ ይህ የዳር ጉዳይ አይደለም። የጾም ምግብ ራሱ ለሆድ ክፉ አይደለም፤ ተልባ ፍትፍት የጾም ምግብ ነው፣ ለድርቀትም ከእሱ የሚሻል ብዙ አይገኝም። የሚጎዳው ከሌሊት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋሉ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በሦስት ሳምንት ዙር ሁለት ሦስት ኬሞ ይገባበታል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሸክሙን ታቃልላለች፤ ችግሩ ብዙ እናቶች ይህን ለራሳቸው መፍቀድ አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ከዙሩ በፊት የንስሐ አባትን ቤት ድረስ ጠርቶ በታማሚዋ ፊት ማስነገር ከማንኛውም የምግብ ዝርዝር በላይ ይሠራል። ረመዳን ለሚጾሙ የዳንግላ ሙስሊም ቤተሰቦችም ነገሩ ያው ነው።

ሐኪሞች ተቅማጥን የሚለኩት በቁጥር ነው፤ ከወትሮው በላይ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከአራት እስከ ስድስት መካከለኛ፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ከባድ ይሉታል። የሚቀጥለው ዙር መጠን መቀነስ ወይም መዘግየት የሚወሰነውም ከዚህ ጋር ታይቶ ነው። «አስቀምጦኝ ነበር» ብሎ መመለስ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። አክስቴ መጻፍ አትችልም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ራስጌዋ አንድ ሲኒ አኖረች፤ በወጣች ቁጥር አንድ ሽምብራ ትጥልበታለች። ማታ ሽምብራውን በጨርቅ ትቋጥረዋለች፤ ምንም ያልወጣችበት ቀን ባዶ ቋጠሮ ነው። ጓዳው ውስጥም ሁለት የገብስ ጣሳ ጎን ለጎን አለ፤ የተነፋው ክዳኑ ላይ ክር ታስሮበታል፣ ያልተነፋው ክር የለውም። ለሦስተኛው ዙር ባሕር ዳር ስትሄድ ሃያ አንዱን ቋጠሮ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሄደች፤ ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ እየፈታ ቆጠራቸው።